የአጎትህ ሳንቲም ብርቅ ነው ወይስ ወርቅ ብቻ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ለገሃር አካባቢ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ጆሃንስበርግ የሚኖር አጎቱ ለሠርጉ ክሩገራንድ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም ሰጠው፤ ዓመቱ 1978። ፒያሳ ወስዶ ሲያሳይ «በግራም ሒሳብ እንገዛሃለን» አሉት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለ ሳንቲም ማንበብ ጀምሮ ነገሩ ሱስ ሆኖበታል። «የኔው ብርቅ ነው? አዲስ አበባ ተቀምጦ ብርቅ የሆኑ ዘመናዊ የወርቅ ሳንቲሞችን መሰብሰብስ ይቻላል? ባለቤቴ ደግሞ ማንጠልጠያ ተደርጎለት አንገቴ ላይ ላድርገው እያለች ነው፤ ምን ይሻላል?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ለጋብቻህ አበቃህ። መጥፎውን ዜና ላስቀድምና ልገላገል፤ 1978 ብርቅ አይደለም። በዚያ ዓመት ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ ክሩገራንድ ታትሟል። (የሳንቲሞቹን ዓመት ስጠራ የፈረንጁን ነው፤ የኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እልሃለሁ።) ስለዚህ ፒያሳ ያሉት ሰዎች «በግራም» ሲሉህ አላታለሉህም። አንድ ነገር ግን ጠይቃቸው፤ በስንት ካራት ነው የሚያስቡልህ? ክሩገራንድ 22 ካራት ነው። የኛ ወርቅ ቤት እጁ የለመደው 18ና 21ን ነው። 22 ሲመጣበት «ያው 21 በለው» ብሎ የሚያልፍ ሞልቷል። 33.93 ግራም የሚመዝን ሳንቲም በ21 ከታሰበ 1.4 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ ማለት ነው። የሒሳብ ሰው ነህ፣ አስላው።

እኔ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሠራሁት እዚሁ ፒያሳ ዙሪያ ነው፤ ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስም፣ ከፈረሰም በኋላ። ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ግን በፀፀት ነው፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ቡሊየን ሳንቲም የሚባለው ለመገበያያ ሳይሆን ውስጡ ላለው ወርቅ ተብሎ የሚታተም ነው። የአሜሪካው ኢግል ላይ 50 ዶላር ተጽፏል፤ በ50 ዶላር የሚሰጥህ ካገኘህ ግን ለኔም ደውልልኝ። ክሩገራንድ ላይ ጭራሽ ዋጋ አልተጻፈም። በ1967 ሲጀመር ነገሩ የደቡብ አፍሪካን ወርቅ ለተራው ሰው መሸጫ ነበር፤ አንድ ሳንቲም፣ አንድ አውንስ፣ አለቀ። አውንስ ስልህ 31.1035 ግራሙን ነው። አንዳንድ ጊዜ በዜና «ወቄት» ሲሉት ትሰማለህ፤ የጥንቱ ወቄት በጠገራ ብር ክብደት የሚለካ 28 ግራም ገደማ ስለነበር ሁለቱን አታምታታ። ያንተ ሳንቲም ውስጥ 31.1ዱ ወርቅ ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። መልኩ ቀላ ያለው፣ ጭረትም ቶሎ የማይዘው በመዳቡ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ ከኋላ መጡ። ካናዳ በ1979 ሜፕል ሊፍን፣ ቻይና በ1982 ፓንዳን፣ አሜሪካ በ1986 ኢግልን፣ እንግሊዝ በ1987 ብሪታኒያን፣ ኦስትሪያ በ1989 ፊልሃርሞኒክን አወጡ። መሀል ላይ በ1985 አሜሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ክሩገራንድ እንዳይገባ ከልክላ ነበርና ለተተኪዎቹ ገበያው ሰፋላቸው።

አሁን ወደ ዋናው። ብርቅ ማለት ምን ማለት ነው? ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የየዓመቱን የኅትመት ብዛት ሠንጠረዥ ያወርድና ትንሿን ቁጥር ያድናል። ትንሽ መታተም ብቻውን ግን ዋጋ አያመጣም፤ ፈላጊ ከሌለው ብርቅ ሳንቲምም ያው ወርቅ ነው። ፈላጊው ደግሞ የት እንዳለ ማወቅ አለብህ። ፓንዳን የሚፈልገው ቻይናዊ ሰብሳቢ ነው። የ1991ን ግማሽ አውንስ ኢግል የሚፈልገው ዓመቶቹን አንድ በአንድ የሚያሟላ አሜሪካዊ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመተ ምሕረት ብሎ አንድ ብር የሚጨምርልህ ወርቅ ቤት የለም። እኔም ራሴ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ብትመጣብኝ የምሰጥህ በሚዛን ነው፤ ምክንያቱም ከኔ የሚገዛው ሰው ሙሽራ እንጂ ሰብሳቢ አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምሄደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ብርቁን በተራው ዋጋ መልቀም። ለብርቅነቱ ከፍለህ ገዝተህ ስትሸጥ በግራም ከተመዘነብህ ከሰርህ። በወርቁ ዋጋ ገዝተኸው ብርቅ ሆኖ ከተገኘ ግን ምንም አልጎደለብህም፣ ትርፉ ደስታው ነው፤ አንድ ቀን ሰብሳቢ ካጋጠመህ ደግሞ ምርቃት።

እንዴት ይለቀማል? አጎትህ ያለው የክሩገራንድ ሀገር ውስጥ ነው፤ ይሄ ዕድል ነው። ውጭ ያሉ ነጋዴዎች ቡሊየን ሲሸጡ ብዙ ጊዜ «ዓመቱ የተቀላቀለ» ብለው ነው፤ ከትሪው ላይ የመጣውን አንስተው ይሰጡሃል። አጎትህ በትሕትና «እኔ ልምረጥ?» ይበል። የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመቶች ነው። በ1967 የታተመው ተራው ሳንቲም 40 ሺህ ነው፣ በ1968ና በ1969 ደግሞ በየዓመቱ 20 ሺህ ብቻ። ከ6 ሚሊዮኑ 1978 ጋር አስተያየው። በነዚያ ዓመቶች ለሰብሳቢ ተብለው እንደ መስታወት ተወልውለው የወጡ፣ ፕሩፍ የሚባሉም አሉ። ተራው ጠርዙ ላይ 160 ጥርስ አለው፣ ፕሩፉ 220። ፊቱ ተዳክሞ ፕሩፍ መሆኑ የጠፋበት ሳንቲም ሲያጋጥም ጥርሱን በማጉያ መነጽር መቁጠር ነው። የኔ ሚስት አንድ እሑድ ከሰዓት ስቆጥር አግኝታኝ ጤንነቴን ጠይቃለች።

ኢግል ላይ ደግሞ ከ1986 እስከ 1991 ዓመቱ የተጻፈው በሮማውያን ቁጥር ነው። እሱን ለማንበብ የሚሰንፍ ሻጭ ብዙ ስለሆነ ለለቃሚ ይመቻል። የ1991 ግማሽ አውንስ 24,100 ብቻ ነው የታተመው። ሌላ የሚያስቅ ታሪክም አለ። በ1999 የሩብና የአንድ አሥረኛ አውንስ ኢግሎች ላይ ስሕተት ተሠራ። ለፕሩፍ የተዘጋጀው ማተሚያ ሳይወለወል ለተራው ሳንቲም ዋለና ተራው ላይ መኖር የሌለባት ደብልዩ የምትል የማተሚያ ቤት ምልክት ወጣችበት። አንዲት ፊደል ናት። ካላወቅካት ተራ ሳንቲም ነው ብለህ ታልፋታለህ።

ይሄን ጥበብ አያቶቻችን ያውቁት ነበር እኮ። ማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ሁሉም ላይ 1780 ነው የተጻፈው፤ እሷ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ሲታተም ዓመቱ አልተነካም። ስለዚህ የኛ ሰው ዓመት አያይም፤ ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው ወይ የሚመልሰው። ዛሬም የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ውስጥ «የ1780 ነው፣ ከ200 ዓመት በላይ አስቆጥሯል» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ፈገግ በልና ሻይህን ጠጣ።

«ብርቅ ሆኖ የተወለደ» ሳንቲም የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ከሱ ራቅ በል። ማተሚያ ቤቶቹ ራሳቸው «500 ብቻ» ብለው ያወጡታል፣ የእንጨት ሣጥን፣ የምስክር ወረቀት፣ ቀለም የተቀባ እንስሳ። ብርቅነቱን ገና ከመጀመሪያው አስከፍለውሃል። አንድ ደንበኛዬ ልጇ ከውጭ የላከላትን እንዲህ ያለ ሳንቲም ይዛልኝ መጣች። ሣጥኑ የጫማ ሣጥን ያህላል፣ ሳንቲሙ ግን ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም። የተከፈለበት የወርቁን ሦስት እጥፍ ነበር። ምን ልበላት? ሚዛኔ ሣጥን አይመዝንም።

በነጥብ የተመዘኑ፣ በፕላስቲክ የታሸጉ ሳንቲሞችም ላይ እንዲሁ ነኝ። ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የሚባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲምን እስከ 70 ነጥብ ሰጥተው ያሽጉታል። ለአሮጌ ሳንቲም ጥሩ ነው፤ እውነተኛ መሆኑን ይነግርሃል። ትናንት ከማተሚያ ለወጣ ሳንቲም ግን 70 ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለዚያች አንድ ነጥብ ልዩነት ብዙ መጨመር ለኔ አይገባኝም። ማሸጊያውም ራሱ ይመሰላል።

የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ብርቅነት እንደሚዋጥም እወቅ። በ2025 ኦክቶበር ላይ አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር አለፈ። ወርቁ በ400 ዶላር ሳለ 200 ዶላር ተጨማሪ የሚከፈልበት ሳንቲም «ብርቅ» ነበር፤ ያው 200 በ4,000 ላይ ሲቀመጥ ማን ልብ ይለዋል? ነጋዴው ሳያይ ከተራው ጋር ይደባልቀዋል፣ ወይ ያቀልጠዋል። ለለቃሚ ጊዜው ጥሩ ነው። ለሻጭ አይደለም።

መጠንም አስብ። አንድ ሙሉ አውንስ ብዙ ጊዜ ከወርቁ ዋጋ ላይ ከ3 እስከ 6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የአንድ አሥረኛ አውንሱ ጭማሪ ግን ከ10 በመቶ ያልፋል፤ ልክ የኛ የእጅ ዋጋ እንደሚባለው ነው፣ ትንሽም ብትሠራ ትልቅም ብትሠራ ድካሙ አለ። ቢሆንም ለጀማሪ ትንሿን እመርጣለሁ። ስትሳሳት ስሕተትህም ትንሽ ነው። ፓንዳ ከወደድክ ከ2016 ወዲህ በአውንስ እንደማይመዘን ልብ በል፤ ትልቁ 30 ግራም ነው፣ ትንንሾቹም 15፣ 8፣ 3 እና 1 ግራም። የድሮውን ዋጋ ይዘህ አዲሱን እንዳትገዛ።

ከኛ ወገንስ? ለዘመናዊ ቡሊየን ቅርብ የሆኑ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንሰፈስፉኝ እነሱ ናቸው። በ1966 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም የወጡ ባለ 10፣ 20፣ 50፣ 100 እና 200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች አሉ፤ ትንሿ 4 ግራም፣ ትልቁ 80 ግራም፣ ወርቃቸው 90 በመቶ። 80 ግራሙን አንዴ በእጄ ይዤዋለሁ፣ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ነው የሚመስለው። በደርግ ጊዜ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. ለዱር እንስሳት ጥበቃ ተብሎ ዋልያ ያለበት ባለ 600 ብር ወጥቷል፤ 33.437 ግራም፣ እሱም 90 በመቶ። የታተመው በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጅ ሰብሳቢ አንድ ብልጫ አለን፤ ማንበብ እንችላለን። የግዕዝ ቁጥር ማንበብ ያቃተው የውጭ ሻጭ፣ ወይም ዓ.ም.ን ከራሱ አቆጣጠር ጋር ያምታታ፣ የምኒልክን ብር ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ደግሞ ኪሳችን ውስጥ ያሉትን ሳንቲሞች አስታውስ፤ ፲፱፻፷፱ የሚለው ዓመት ሳይቀየር ስንት ዓመት ታተመ። ዓመት ብቻውን እንደማይበቃ ይሄም ይነግርሃል።

እሺ፣ ሐሰተኛውን እንዴት ትለያለህ? መጀመሪያ የማይደረገውን ልንገርህ። ወርቅ ቤት ስትሄድ ሠሪው ጥቁሩን ድንጋይ አውጥቶ ሳንቲሙን ሊፍቅበትና አሲድ ጠብ ሊያደርግበት ይችላል። ለሐብል ምንም አይደለም። ሳንቲም ላይ ግን ያ ፍቀት ዕድሜ ልኩን አይለቅም፤ ሰብሳቢ ሲያየው «ተጎድቷል» ብሎ ወደ ግራም ይመልስሃል። ሳንቲሙን ከእጅህ ሳትለቅ «አይፈቅም» በል። «ላጥብልህ» ካሉህም እንቢ በል። ፈልቶ ታጥቦ፣ ተቦርሾ፣ አምሮ ይመጣል፣ ግን የሞተ ሳንቲም ነው። ክሩገራንድ ላይ ጥቁር ወይም ቀይ ነጥብ ብታይ የመዳቡ ነው፣ ተወው።

ሚዛንና ካሊፐር፣ ማለትም ስፋትና ውፍረት የሚለካው መሣሪያ፣ ይበቁሃል። ክሩገራንድ 33.93 ግራም፣ ስፋቱ 32.77 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.84 ነው። ከወርቅ የቀለለ ብረት ያንኑ ክብደት እንዲያመጣ ወይ መወፈር ወይ መስፋት አለበት፣ ሌላ መውጫ የለውም። ካሊፐር ከሌለህ የብርጭቆ ዘዴ አለ። መቶኛ ግራም የሚያነብ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠህ ወደ ዜሮ መልሰው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ወደ 1.93 ግራም ካነበበ ክሩገራንድህ ጥሩ ነው። እርሳስ ቢሆን 3 ይጠጋል፣ ነሐስ ቢሆን 4። ሜፕል ሊፍ ንጹሕ ስለሆነ 1.61 ማንበብ አለበት። ሜፕል ላይ ግን ጥንቃቄ ጨምር። ተንግስተን የሚባለው ብረት በክብደቱ ንጹሕ ወርቅን ቁርጥ ነው የሚያክለው፤ ውጩ በወርቅ ከተለበጠ የውሃው ፈተና ብቻውን አይይዘውም። የፊቱን ቅርጽ ከእውነተኛው ጋር በማጉያ ማስተያየት የግድ ነው።

አሁን ወደ ፀፀቴ። ገና ሠራተኛ ሳለሁ አንድ ትልቅ ሰው ክሩገራንድ አምጥተው «ለልጄ ማንጠልጠያ አድርግልኝ» አሉኝ። ሥራ ነው፣ አደረግኩ። ራስጌው ላይ ቀለበት በየድኩበት፣ ብየዳው የፈሰሰበትን በሞረድ አስተካከልኩ፣ ወለወልኩት፣ አብረቀረቀ፣ እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። የምሠራውን ሁሉ ክብደቱንና መልኩን ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። ከዓመታት በኋላ የኅትመት ብዛት የሚናገር ዝርዝር አንድ ሰው ሲያሳየኝ ደብተሬን ገለበጥኩ። 1968። ከ20 ሺህ አንዱን በገዛ ሞረዴ። ሰውየውን ፈልጌ አላገኘኋቸውም፤ ባገኛቸውስ ምን እላለሁ?

ወደ ሕጉ ስመጣ አጭር ነኝ። እዚህ ሀገር ያልተሠራ ወርቅ ያለ ፈቃድ አይነገድም፣ ወርቅም ዝም ብሎ ከሀገር አይወጣም። አጎትህ ሳንቲም ሲያመጣልህ ቦሌ ላይ ለጉምሩክ አስመዝግቦ ይግባ፤ ወረቀቱን ከሳንቲሙ ጋር አስቀምጠው፣ የገዛበትን ደረሰኝም ጨምር። የድሮ የኢትዮጵያ ሳንቲም ከያዝክ ይዘህ ለመውጣት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልግሃል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብዙ ሰው ወርቅ ወርቅ እያለ ነው፣ ይገባኛል፤ ግን የቤት ኪራይ የምትከፍልበትን ገንዘብ እዚህ ውስጥ አታስገባ። ለዘመድ ደግሞ እንዲህ በል፦ «ለልደትም ለክርስትናም ሐብል አታምጡልኝ፣ ትንሽ ሳንቲም አምጡልኝ።» ስብስብህ በዚህ ይሞላል። ፎቶውን ግን የትም አትለጥፍ፤ የት እንደምታስቀምጠውም ለኔም አትንገረኝ።

የባለቤትህ ነገር ቀረ። 1978ህ ተራ ነው ብያለሁ፤ እንግዲያው አንገቷ ላይ ይዋል፣ ሳጥን ውስጥ ከመተኛት ይሻለዋል። ብየዳ ግን እንዳይነካው። ጠርዙን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ በትንሽ ብሎን የሚከፈት ክፈፍ ይሠራል፤ ሳንቲሙ በፈለግህ ቀን ሳይጎዳ ይወጣል። 32.77 ሚሊ ሜትር በለው ለሠሪው። «ከምትለፋ በይጄ ልስጥህ» ካለህ ሳንቲሙን ኪስህ ከተህ ሌላ ሱቅ ሂድ።